የሞርሞን ፌሚኒዝም ምንድን ነው?

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1870 ጠዋት፣ ሴራፍ ያንግ የምትባል የ23 ዓመት አስተማሪ ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ጎራ ብላ ድምፅ ሰጠች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሴትን ከወንድ እኩል በሚያስመርጥ ሕግ አሜሪካ ውስጥ ድምፅ የሰጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ሴራፍ ሞርሞን ነበረች።

ሞርሞን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አንድ ባልና ብዙ ሚስት ነው። ከፌሚኒዝም ጋር የት ተገናኝቶ ያሰኛል። የሞርሞን ፌሚኒዝም ግን አለ። በኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ (አሁን በዚህ ሙሉ ስም መጠራትን ይመርጣሉ) ሴት ምን ታገልግል፣ ማን ይወስን፣ እግዚአብሔርስ ስለ ሴት ምን አለ ብለው የሚጠይቁ ሴቶች አስተሳሰብና ትግል ነው። ዋናዋ ቃል “ውስጥ” የምትለዋ ናት። ብዙዎቹ መውጣት አይፈልጉም። ቤታችን ነው ይላሉ፤ የሚከራከሩትም ለዚሁ ነው።

ያ የ1870 ድምፅ ራሱ ጉደኛ ታሪክ አለው። አንዳንድ የዋሽንግተን ፖለቲከኞች ሞርሞኖች በሚበዙባት በዩታ ያሉ ሴቶች ድምፅ ካገኙ ከአንድ በላይ ማግባትን ራሳቸው ይጥሉታል ብለው ነበር። ሴቶቹ አልጣሉትም። እንዲያውም አደባባይ ወጥተው ተሟገቱለት። ኮንግረስ በ1887 መብቱን መልሶ ነጠቃቸው፤ ጣውንት የሌላትም፣ ሞርሞን ያልሆነችውም አብራ ተነጠቀች። በ1896 ዩታ ሙሉ ግዛት ስትሆን ተመለሰላቸው። በዚያው ዓመት ማርታ ሂዩዝ ካነን ለዩታ ሴኔት ተመረጠች። በአሜሪካ ግዛቶች ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሴናተር ናት። ሐኪምም ነበረች። ለባሏም አራተኛ ሚስቱ ነበረች። ባልየውም በሌላው ፓርቲ በኩል ተወዳድሮ ነበር፤ እሷ አለፈች፣ እሱ ወደቀ። ይህቺን ሴት ጭቁን ልበላት ነፃ? ሁለቱም አፌ ላይ አይመጣልኝም።

በዚያ ዘመን ሴቶቹ ከ1872 እስከ 1914 የወጣ የራሳቸው ጋዜጣ ነበራቸው፤ ውመንስ ኤክስፖነንት ይባላል። ስለ ምርጫ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ደሞዝ ይጽፉበት ነበር። ከዚያ ተረሳ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን አካባቢ የሚኖሩ ወጣት ሞርሞን እናቶች የጋዜጣውን ጥራዞች ሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኟቸው። ቅድመ አያቶቻቸው ከነሱ ይልቅ ደፋሮች ነበሩ! በ1974 የራሳቸውን ኅትመት ሲጀምሩ ስሙን ኤክስፖነንት 2 አሉት። ፌሚኒዝም ከውጭ የመጣ ነው ለሚላቸው ሰው መልሳቸው ስሙ ላይ ነበር።

የክርክሩ ሥር ክህነት ነው። እኛ ዘንድ ካህን መሆን ትምህርት ይጠይቃል፣ ለጥቂቶችም ነው። ሞርሞኖች ዘንድ ግን ወንድ ልጅ 12 ዓመት አካባቢ ሲሞላው ዲያቆን ይሆናል። ትንንሽ ዲያቆናት እኛም አሉን፤ ልዩነቱ እነሱ ጋ ብቁ ነው የተባለ ወንድ ሁሉ መሾሙ ነው። እሑድ እሑድ የቅዱስ ቁርባኑን ዳቦና ውኃ ለምእመኑ የሚያዞሩት በአብዛኛው እነዚህ ልጆች ናቸው። እናታቸው ፕሮፌሰር ብትሆንም ለዚህ አትሾምም። የአጥቢያው ኃላፊ፣ በገንዘቡ የሚወስነው፣ አባል የሚያወግዘው፣ ሁሉም በክህነት ነው። ሴቶች በ1842 የተቋቋመ የሴቶች መረዳጃ ማኅበር አላቸው። ድሮ የራሱ ገንዘብና የራሱ መጽሔት ነበረው፤ በ1970 ሁለቱንም አጣ።

ሌላው ነገር ሲሰሙት ያስደነግጣል። ሞርሞኖች የሰማይ አባት ብቻ ሳይሆን የሰማይ እናትም አለች ብለው ያምናሉ። ይህን የፈጠሩት ፌሚኒስቶች አይደሉም፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ነው። ግን ወደ እሷ አይጸለይም። ካለች ለምን ዝም ተባለች? ይህቺ ጥያቄ ብዙዎቹን ሌሊት የምታስነሣ ናት።

ጥያቄ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በፆታ እኩልነት እንዲሻሻል የታገለችው ሶንያ ጆንሰን በ1979 ተወገዘች። ቤተ ክርስቲያኒቱ ማሻሻያውን በይፋ ትቃወም ነበር። በሴፕቴምበር 1993 ስድስት ምሁራንና ጸሐፊዎች በአንድ ወር ውስጥ ተቀጡ፤ ከመካከላቸው ፌሚኒስቶች ነበሩ። በ2013 ኬት ኬሊ የምትባል ጠበቃ ሴቶች ይሾሙ የሚል እንቅስቃሴ ጀመረች። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሴቶቹ የወንዶች ብቻ የሆነ ጉባኤ በር ላይ ተሰልፈው እንግባ አሉ። አልገቡም። ኬት በ2014 ተወገዘች።

የተለወጠ ነገር ግን አለ። በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጸሎት መራች። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተመሠረተች 183 ዓመት ሆኗት ነበር። ከ2019 ጀምሮ ሴቶች ለጥምቀት ምስክር መሆን ይችላሉ። ለአንዳንዶቹ ትልቅ ድል ነው፣ ለሌሎቹ ፍርፋሪ። ክህነትን ጨርሶ የማይፈልጉ ሞርሞን ሴቶችም ሞልተዋል።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የጄን ማኒንግ ጄምስ ታሪክ ነው። ጥቁር ነበረች። በ1843 መርከብ ላይ አንሳፍርም ሲሏቸው ከቤተሰቧ ጋር ከቡፋሎ እስከ ኢሊኖይ፣ ናቩ ድረስ በእግር ሄዳ ምእመናኑን ተቀላቀለች። ዩታ ከገባች በኋላ በቤተ መቅደስ የሚሰጠው ሥርዓት ይፈጸምልኝ ብላ መሪዎቹን ደጋግማ ለመነች። በዘሯ ምክንያት ከለከሏት። በ1894 የፈቀዱላት ከመሥራቹ ከጆሴፍ ስሚዝ ቤተሰብ ጋር በአገልጋይነት ለዘላለም መቆራኘትን ነው። አልበቃትም፤ እንደገና ጠየቀች። በ1908 ሳይፈቀድላት ሞተች። የዘር ክልከላው በ1978 ተነሣ። በ1979፣ ሶንያ በተወገዘችበት ዓመት፣ የጄን ሥርዓት በሌላ ሰው ወኪልነት ተፈጸመላት።