ባህላዊ ትህትና (cultural humility) የሕክምና ተማሪ ለሚያሠለጥን ሐኪም ምን ይለዋል?

ብዙ ሰው የታካሚዎቹን ሕዝብ ባህል አጥንቶ መጨረስ ይመስለዋል። አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ሜላኒ ቴርቫሎንና ጃን መሪ ጋርሲያ በፈረንጆቹ 1998 ሐሳቡን ሲያቀርቡ ግን ራስን ዕድሜ ልክ መመርመርና በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለውን የሥልጣን ልዩነት ማጥበብ ነው ያሉት።

ጅማ ላይ ነገሩ ሆስፒታሉ ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ውስጥ ይታያል። ከጎንደር የመጣ ተማሪ፣ አፋን ኦሮሞ ብቻ ከሚናገሩ እናት ሂስትሪ (የሕመም ታሪክ) ሲወስድ፣ ዓይኑን አስተርጓሚው ላይ ተክሎ እናትየዋን ጭራሽ ይረሳቸዋል። ያኔ በሰው ፊት አትቆጣው፤ ጠጋ ብለህ «ወደ እሳቸው ዞረህ ጠይቃቸው» በለው። በኋላ ለብቻችሁ «ምን ከበደህ?» በለውና አድምጠው። ትህትናው ለተማሪውም ነዋ! እኔ ትልቁ ክፍተት እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ማርኩ በእጅህ ስለሆነ አንተ ስትሳሳት ደፍሮ አይነግርህም፤ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን «የሳትኩት ካለ ንገሩኝ» ማለት ያለብህ አንተ ነህ።