«ይሄማ ምኑ ሥዕል ነው?» ለሳሎን አብስትራክት ስንገዛ የምንሳሳተው

ባሕር ዳርም ሆነ ማርቆስ፣ ቤት ሲመረቅ ፍሬም የገባ አብስትራክት ሥዕል (የሚታየውን መልክ እንዳለ የማይገለብጥ፣ በቅርጽና በቀለም የሚናገር) ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። አብሮት የሚመጣው ወሬ ግን እርማት ይፈልጋል።

«የፈረንጅ ነገር ነው»
የአገራችን ሠዓሊ የገብረ ክርስቶስ ደስታ «ጎልጎታ» የተሣለው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ጉዳዩም ስቅለት። የብራና መጻሕፍት ጌጥ የሆነው ሐረግስ? አብዛኛው መስመርና ቀለም ብቻ ነው። የቆሎ ተማሪ አገር ሆኖ ለሐረግ እንግዳ ነኝ ማለት ለጎጃም አያምርበትም።

«ቅጂ ከሆነ ፎርጅድ ነው»
ፎርጅድ የሚሆነው በእጅ የተሣለ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። ይህ ደግሞ ያጋጥማል። የታተመ ካንቫስ ላይ ብሩሽ ያረፈበት እንዲመስል ጄል ይቀቡታል። መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ በጎን እዩት። እብጠቱ የቀለሙን ጠርዝ ካልተከተለ ከላይ የተቀባ ነው። የቅጂ ዋጋ ብቻ ክፈሉ።

ሕጉስ? በአገራችን አዋጅ ጥበቃው ሠዓሊው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የውጭዎቹ አብስትራክት ሠዓሊዎች ካንዲንስኪና ሞንድሪያን ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1944 ስለሆነ ችግር የለም። ገብረ ክርስቶስ ያረፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ለማሳተም ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፣ አሳትመዋለሁ»
ስልክ ላይ ያማረ ሁሉ ግድግዳ ላይ አያምርም። ስፋቱ 1,000 ፒክሰል የሆነ ምስል 90 ሳንቲሜትር ላይ ሲለጠጥ ለአንድ ኢንች 28 ነጥብ ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። ጥሩ ኅትመት ከ150 እስከ 300 ይፈልጋል። «አብስትራክት ስለሆነ አያስታውቅም» የሚላችሁን አትስሙ። የሞንድሪያን ጥቁር መስመር ጠርዙ ሲሸራረፍ ከበር ላይ ይታያል።

«ቢገለበጥም ያው ነው»
እዚህ ላይ እንኳ ባለሙያዎቹም ተሸውደዋል። የሞንድሪያን «ኒውዮርክ ሲቲ 1» እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ተገልብጦ ሲታይ እንደኖረ የተነገረው በ2022 ነው። ያለው ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ነው። መስመሮቹ ባለቀለም ቴፕ ስለሆኑ ቢያዞሩት ይላቀቃል ብለው ፈርተው እንዳለ ተዉት። የእናንተ ቅጂ ግን ቴፕ ስለሌለው ትክክለኛ አቅጣጫውን አጣሩና አስተካክሉት።

«ከሶፋው ጋር ካልገጠመ አይሆንም»
ሶፋ ይቀየራል። ሥዕሉን ከወደዳችሁት በቃ።

«ጣሪያ ሥር ሲሰቀል ግርማ አለው»
አንገት ያሳምማል እንጂ! መሃሉ ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ይዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ቀለሙ ይለቃል። ክረምት ላይ እርጥበት የሚያወጣ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ከፍሬሙ ጀርባ አራቱም ጥግ ላይ ቁራጭ ቡሽ ለጥፉ፣ አየር ይግባው።