«ዳቦ ሲጠፋ ቶርቲያ»

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ፣ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የሜትሮ ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ቤት ተከራይቼ መኖር በጀመርኩ ሰሞን፣ እንጀራ ባጣ ሽሮዬን በቶርቲያ፣ ማለትም በስስ የበቆሎ ቂጣ፣ እየጠቀለልኩ ስበላ ያዩኝ አከራዬ «አ ፋልታ ዴ ፓን፣ ቶርቲያስ» አሉኝ። ቃል በቃል «ዳቦ ሲጠፋ ቶርቲያ» ማለት ነው፤ የተፈለገው ሲታጣ በተገኘው መብቃቃት እንደሚገባ ለማስረዳት ይነገራል። የእኛው «ጎመን በጤና» ይቀርበዋል፤ ነገር ግን «ጎመን በጤና» የሚል ሰው ጥቂቱን ከሰላም ጋር ወድዶ የያዘ ሲሆን፣ የሜክሲኮው አባባል የሚነገረው ምርጫ ላጣ ነው።

አባባሉ የመጣው ከስፔን ነው። እዚያ «ዳቦ ሲጠፋ ቶርታም መልካም ነው» ይባላል፤ ቶርታ ጠፍጣፋ ቂጣ ነው። ስፔናውያን በ1521 እ.ኤ.አ. የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን ከያዙ በኋላ፣ የአገሬው ሰው በናዋትል ቋንቋ «ትላሽካሊ» የሚለውን የበቆሎ ቂጣ ቶርቲያ፣ ማለትም «ትንሿ ቶርታ» አሉት። ስንዴ የገዢዎቹ እህል በመሆኑና ለቅዱስ ቁርባንም የሚቀርበው የስንዴ ኅብስት ብቻ ስለነበር፣ ዳቦ ከላይ ቶርቲያ ከታች ተቀመጠ፤ አባባሉም በሜክሲኮ ሰዎች አፍ ቶርታን በቶርቲያ ሲተካ ያንኑ ደረጃ እንደያዘ ቀረ።

ይህ ደረጃ ፍርደ ገምድል ነው እላለሁ። ለቶርቲያ የሚሆነው በቆሎ በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ያድራል፤ በማግስቱ በእጅ ሲታሽ ልጣጩ ይለቃል፣ ከዚያም ታጥቦ ይፈጫል፤ ድሮ የሚፈጨውም ልክ እንደ እኛው በድንጋይ ወፍጮና በመጅ ነበር። ኖራው ሊጡ እንዲያያዝ ከመርዳቱም በላይ በበቆሎው ውስጥ ታስሮ የሚኖረውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታዋል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ሙያ አብሮት ባለመሄዱ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቆሎ ብቻ ይበሉ የነበሩ የስፔንና የጣሊያን ድሆች ፔላግራ በተባለ ከኒያሲን እጥረት የሚመጣ በሽታ ተሠቃይተዋል።

አከራዬ ሊጡን በመዳፋቸው አድበልብለው ይጠፈጥፉና «ኮማል» በሚሉት ምጣድ ላይ ይጥሉታል፤ ጠርዙ መላቀቅ ሲጀምር በጣታቸው ይገለብጡታል፣ ዳግም ሲገለብጡት መካከሉ እንደ ፊኛ ይነፋል። እኛ እንጀራን በዓይኑ እንደምንመዝን እርሳቸውም ቶርቲያን በዚህ ይመዝኑታል፤ ያልተነፋውን ለእንግዳ አያቀርቡም። ዳቦ ገበታው ላይ ባለበት ቀን እንኳ በጨርቅ የተጠቀለለው ቶርቲያ ከአጠገባቸው አይጠፋም።