የዓባይ መጻኢ ፍሰትና የአየር ንብረት ለውጥ

ዓባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይዞ ነው። ግብፅ ውስጥ አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የእሱ ነው፤ ተከዜና ባሮ ሲታከሉበት የኢትዮጵያ ደጋ ድርሻ ወደ 85 በመቶ ይጠጋል። ከዓመቱ ፍሰት ከአምስት አራት እጁ ገደማ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳል። የዓባይ ዕጣ ፈንታ በክረምቱ እጅ ነው።

ወንዙ ጥንት ምን ያህል ይፈስ እንደነበር የሚጠቁመው ካይሮ ያለው፣ ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተያዘው የሮዳ ደሴት የውሃ ከፍታ መዝገብ ነው። የላይኛው ተፋሰስ ሰፊ ጥናት የተሠራው ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ ጥናት ነው። በመዝገብ ከታዩት እጅግ ደረቅ ዓመታት መካከል እ.ኤ.አ. 1913 እና 1984 ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ2020 ደግሞ ካርቱም በጎርፍ ተጥለቀለቀች።

ከዝናብ እስከ ፍሰት

በተፋሰሱ ላይ በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል። ድንበር የሚደርሰው የዚህ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ሌላውን መሬትና ዕፅዋት ይወስዱታል፣ ፀሐይም ታተነዋለች። በበጋ የተሰነጣጠቀው የዋልካ መሬት የሰኔን ዝናብ ይጠጣል፤ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ነው ጅረቶች የሚሞሉት። ስለዚህ ዝናቡ በ10 በመቶ ቢቀንስ ፍሰቱ ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል፤ አፈሩ ድርሻውን አስቀድሞ ይወስዳልና። ሙቀት ሲጨምርም የትነቱ ድርሻ ያድጋል። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል።

ሙቀቱ እንደሚጨምር መጪውን የአየር ንብረት በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሞዴሎች ሁሉ ይስማማሉ፤ በዝናቡ ግን አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 17 የአየር ንብረት ሞዴሎችን ሲያነጻጽር፣ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ በላይኛው ዓባይ የሚጠበቀው የዝናብ ለውጥ ከ15 በመቶ ቅነሳ እስከ 14 በመቶ ጭማሪ ሆኖ ተገኝቷል። ይበልጥ የሚያሳስበው የዓመት ከዓመት መዋዠቁ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ስሌት የናይል ፍሰት ዓመታዊ ልዩነት በግማሽ ያህል ሊሰፋ ይችላል። መነሻው ኤልኒኞና ላኒና፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው መሞቅና መቀዝቀዝ ናቸው፦ የመጀመሪያው ክረምቱን ያሳሳዋል፣ ሁለተኛው ያበዛዋል።

ጣና

ለሙቀት ቀድሞ የሚጋለጠው ጣና ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ቢሆን ነው። ከገጹ በዓመት 1.6 ሜትር ገደማ ውሃ ይተናል፤ ይህም ወደ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል፣ በዓባይ ከሚወጣው 4 ቢሊዮን ገደማም ይበልጣል። በ1988 ዓ.ም. የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ መውጫውን ገራው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቅ ላይ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ሲታከል የሐይቁ የውሃ ከፍታ እጅግ ዝቅ ብሎ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጎለ። የጣና በለስ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል፤ የጢስ እሳት ፏፏቴም ቀጥኗል። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ጥልቀት የሌለው ሞቃት ዳርቻ ለእምቦጭ አረም ተመችተውታል።

ልኬቱ የሚሳሳትበት

ትንበያው ሁሉ በመለኪያ ጣቢያ መዝገብ ላይ የቆመ ስለሆነ ልኬቱ የት እንደሚሳሳት ማወቅ ይጠቅማል። የጣቢያው ሠራተኛ በወንዙ ዳር የተተከለውን ባለ ቁጥር መለኪያ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ያነባል። ከፍታው ወደ ፍሰት የሚለወጠው ቀድሞ በተሠራ ቀመር ነው። ቀመሩን ለመሥራት ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ወደ 20 ክፍል ይከፈልና በየክፍሉ ከውሃው ገጽ ወደ ታች በጥልቀቱ 0.2 እና 0.8 እጅ ላይ የውሃው ፍጥነት በከረንት ሜትር (የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ) ይለካል፤ አማካዩ በክፍሉ ስፋትና ጥልቀት ይባዛል። በነሐሴ ሙላት ግንድ እየተንሳፈፈ መሣሪያ ማውረድ አደገኛ ስለሆነ ከፍተኛው ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ ሳይለካ በቀመሩ ቅጥያ ይገመታል። አሸዋ ሲከማች ወይም ሲታጠብ ቀመሩ ይሳሳታል፤ ሌሊት ደርሶ የሄደ ሙላትም ሳይመዘገብ ያልፋል። የከፋው ስህተት በትልልቁ ጎርፍ ላይ ይወድቃል፣ የአየር ንብረት ለውጥ ይቀይረዋል ተብሎ የሚሰጋውም እሱ ነው።

ግድቡና ደለሉ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት ማለት ነው። መዋዠቁ ከሰፋ ጎርፉን ገትቶ በድርቅ የሚለቅ ጎተራ የግድ ነው፣ ጥቅሙም ለሱዳንና ለግብፅ ጭምር ነው። በተከታታይ ደረቅ ዓመታት ምን ያህል ይለቀቅ የሚለው ግን ሦስቱን አገሮች እስካሁን አላስማማም። ከሰው ሠራሽ ሐይቁ በዓመት የሚተነው 1.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ ሲገመት ከአስዋን ግድብ ኋላ ካለው ከናስር ሐይቅ የሚተነው ከ10 ቢሊዮን ይበልጣል።

ደለሉ የሚበዛው ፍሰቱ ከሚያይልበት ከነሐሴ ቀድሞ በሐምሌ ነው። ለጤፍ ደጋግሞ የታረሰው ማሳ ያን ጊዜ ገና ባዶ ነው፤ ከባድ ዝናብ ሲወርድበት አፈሩ ይታጠባል። የሱዳኑ ሮሴሬስ ግድብ ከፍታው ከመጨመሩ በፊት የመያዝ አቅሙን ሲሶ ያህል በደለል አጥቶ ነበር። እርከን ይህን ያቆማል፣ የእርከኑ ቦይ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ከተጠረገ። በደለል የተሞላ ቦይ ውሃውን በአንድ ቦታ ጥሶ ይለቀዋል፤ ያም ቦታ በሁለትና በሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል።