ኻችካር፦ የአርመናውያን የመስቀል ድንጋይ

ኻችካር በአርመንኛ «የመስቀል ድንጋይ» ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ጋር በሃይማኖት እኅት የሆነችው የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ለነፍስ ድኅነት፣ ለድል መታሰቢያ፣ ለቤተ ክርስቲያን መታነጽ ወይም ከመቅሠፍት ለመጠበቅ ያቆሙታል። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሚዞር በፊቱ ቆሞ የሚጸልይ ሰው ምሥራቅን ይመለከታል።

ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ይቆሙ የነበሩት ባለ አራት ገጽ ሐውልቶች ለኻችካር መነሻ እንደ ሆኑ ብዙ አጥኚዎች ይናገራሉ። ዓመቱ ከታወቀላቸው ቀዳሚው በአርመን በጋርኒ የሚገኘው ሲሆን፣ በኋላ በአርመን ላይ የነገሠው የቀዳማዊ አሾት ባለቤት ካትራኒዴ በ879 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) አስቀርጻዋለች።

የጥበቡ ልዕልና የታየው ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ነው። በመካከል መስቀሉ ይቆማል፤ ከግርጌው ሁለት ቅጠሎች ግራና ቀኝ ያቆጠቁጣሉ፤ ከሥሩ ብዙ ጊዜ በጥልፍልፍ የተሞላ ክብ ይቀረጻል፤ ጠርዙን ወይንና ሮማን፣ መነሻና መድረሻው የማይለይ ሐረግም ይከብበዋል። የተሰቀለው ጌታ ሥዕል እምብዛም አይታይም፤ በ1273 የተቀረጸው የሃግፓት ገዳም ኻችካር ግን ስቅለቱን ያሳያል። በሌሎቹ መስቀሉ ራሱ የሚያብብ የሕይወት ዛፍ ነው። በጎሻቫንክ ገዳም ጠራቢው ፖጎስ በ1291 የሠራው ድንጋይ፣ ንድፉ በተደራራቢ ንጣፍ እጅግ ረቆ ስለ ተፈለፈለ፣ በመርፌ የተጠለፈ ዳንቴል ይመስላል። በኖራቫንክ ገዳም የሠራው ጠራቢ ሞሚክ ደግሞ የሕንፃ ባለሙያና የብራና መጻሕፍት ሠዓሊም ነበር፤ የብራናው ሐረግ ወደ ድንጋዩ እንዴት እንደ ተሻገረ ከዚህ መገመት ይቻላል። በእኛም የብራና መጻሕፍት ላይ ያለውን ሐረግ የለመደ ዓይን ኻችካር ፊት ሲቆም እንግድነት አይሰማውም፤ መመሳሰሉ ግን ብቻውን መወራረስን አያስረዳም።

ከ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በኋላ ወረራ ጥበቡን አዳከመው፤ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን እንደገና አንሰራራ። ዛሬ በብዛት ተሰብስበው የሚገኙት በሴቫን ሐይቅ አጠገብ ባለው የኖራቱስ መቃብር ነው። በአዘርባጃን ሥር ባለችው በናኺቼቫን የነበረው፣ ኻችካሮች የሞሉበት የጁልፋ መቃብር ከ1998 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ አዘርባጃን ጥፋቱን ብትክድም፣ ከአራክስ ወንዝ ማዶ፣ ከኢራን በኩል የተቀረጸ ፊልም ወታደሮች ድንጋዮቹን ሲሰባብሩ ያሳያል።

ዩኔስኮ ጥበቡን በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል። ጠራቢዎች ዛሬም በመሮና በመዶሻ ይቀርጻሉ፤ የተጠናቀቀው ድንጋይም በካህን ተባርኮ፣ እነርሱ ሙሮን እኛ ሜሮን በምንለው ቅዱስ ቅባት ከተቀባ በኋላ የጸሎት ቦታ ይሆናል።