ወደ ስፒቲ ከመነሳታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስፒቲ በሰሜን ሕንድ፣ ሂማቻል ፕራዴሽ በተባለው ግዛት፣ ከቲቤት ድንበር አጠገብ የሚገኝ ሸለቆ ነው። ሂማላያ መሀል ያለ በረሃ ማለት ነው። ዛፍ እምብዛም አይታይም። ተራራው ቡናማ፣ ግራጫ፣ አንዳንዴም ሐምራዊ ነው። ከታች የስፒቲ ወንዝ ይፈሳል። ከላይ ገደል አፋፍ ላይ የቡድሃ ገዳማት ተሠርተዋል። ዋናዋ ከተማ ካዛ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,700 ሜትር ላይ ናት።

ቪዲዮ አይቶ ልቡ የተነሳ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ቦታው ያን ያህል ያምራል። ግን ዕቅድ ሲወጣ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ ጉዞውን ያበላሻሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሕይወት ያሳጣሉ።

“እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?”

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቱም ውስጡ ግማሽ እውነት አለ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ነዋሪዋ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ከሚነሳ ሰው ትንሽ ይሻላል። የደጋው ሕዝብ ከከፍታ ጋር የተስማማበት መንገድም ተጠንቷል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2002 አሳትመዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእነዚህ ሰዎች ሄሞግሎቢንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በቲቤትና በአንዲስ ተራሮች ከሚታየው የተለየ ነው። የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል።

ግን ጥናቱ የሚናገረው እዚያው ተራራ ላይ ተወልደው እዚያው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ቦሌ ያደገ ልጅ፣ ወይም ዓመታት ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የኖረ ሰው፣ አያቱ ከደባርቅ ስለሆኑ ብቻ ዋስትና የለውም። ሰውነት ከፍታ የሚለምደው እዚያ ሲኖር ነው፤ ሲወርድ ደግሞ ይረሳዋል። ከአዲስ አበባ በርራችሁ የምታርፉባት ዴልሂ እኮ ከባሕር ጠለል ከ200 ሜትር ብዙም አትበልጥም። እዚያ ሰንበትበት ካላችሁ ይዛችሁት የሄዳችሁት ብልጫ እየቀነሰ ነው።

ቁጥሩንም እንየው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካዛ ላይ ከሁለት ሦስተኛ በታች ይወርዳል። ኮሚክ የምትባለው የስፒቲ መንደር ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ከግማሹ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይህ የራስ ዳሽን ጫፍ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ሰው ቤት ሠርቶ ገብስ ያመርታል።

“ስፖርተኛ ነኝ” የሚለውም ያው ነው። ጂም መመላለስ ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ስለሚቸኩል ቶሎ ሊታመም ይችላል።

“ራሴን ካመመኝ ኪኒን እውጣለሁ”

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት፦ እነዚህ የከፍታ ሕመም የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። ሲመጡ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ ባሉበት ማረፍ ነው። ካልተሻለ መውረድ ነው። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፣ ወይም ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካያችሁ ግን ጉዳዩ ሳንባው ወይም አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። “ይንጋና እናያለን” አይባልም። በሌሊትም ቢሆን ይወረዳል።

ዳያሞክስ በሚል ስም የሚታወቀው አሴታዞላማይድ ሰውነት ከፍታውን ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል። ለሁሉም ሰው ግን አይስማማም፤ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱ ዕረፍትን አይተካም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ይቅርባችሁ።

“ከማናሊ ካዛ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቶሎ እንደርሳለን”

ማናሊ በዚያው በሂማቻል ያለች መነሻ ከተማ ናት። ርቀቱ ካርታ ላይ እውነት ነው። መንገዱ ላይ ግን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በ2020 የተከፈተው 9 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አታል ዋሻ የሮታንግን ተራራ መውጣት አስቀርቷል። ከዋሻው በኋላ ያለው ግን ብዙ ቦታ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ከበረዶ የሚቀልጠው ውኃ መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል። ጠዋት ውኃው ያንሳል፣ ከሰዓት ይሞላል። ሾፌሮቹ ገና ጎህ ሳይቀድ “ተነሱ” የሚሏችሁ ለዚህ ነው፤ አትከራከሯቸው።

ዋናው ችግር ድካሙ አይደለም። ማናሊ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያው ቀን ከ4,500 ሜትር በላይ ያለውን የኩንዙም መተላለፊያ ተሻግራችሁ 3,700 ሜትር ላይ ትተኛላችሁ። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታችሁ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። ይህኛው መንገድ ምክሩን በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። ብዙዎቹ ደግሞ ካዛ ሳይደርሱ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ ቻንድራታል ሐይቅ ዳር ድንኳን ይዘው ያድራሉ። ለመጀመሪያ ሌሊት ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም። ሐይቁ እጅግ ያምራል፤ ለጉዞው መጨረሻ አቆዩት።

ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ካዛ ላይ በጠና ከታመማችሁና ሾፌሩ ወደ ማናሊ ልውሰዳችሁ ካለ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ኩንዙምን መውጣት ግድ ነው። የታመመ ሰው ይዞ ወደ ላይ! በሌላው አቅጣጫ ያለችው ታቦ ግን 3,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከካዛም 50 ኪሎ ሜትር አትርቅም። ካዛ ሆስፒታል ኦክስጅን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ግን መውረጃው በታቦ በኩል መሆኑን ገና ከቤት ሳትነሱ እወቁት።

ስለዚህ የእኔ ምክር በግዛቱ ዋና ከተማ በሺምላ በኩል መግባት ነው። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ ይወጣል። ሺምላ 2,200 ሜትር፣ ካልፓ 2,960 ሜትር፣ ከዚያ ታቦ፣ ከዚያ ካዛ። ካልፓ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ታቦም እንዲሁ። ኮሚክ፣ ሂኪምና ላንግዛ የሚባሉትን መንደሮች ከካዛ ቀን ደርሳችሁ ማታ ተመለሱ። በኩንዙም በኩል የምትወጡት በመጨረሻ ነው፤ ያኔ ሰውነታችሁ ለምዷል። 10 ሌሊት ያላገኘ ሰው ስፒቲን ለሌላ ዓመት ቢያቆየው ይሻላል። ዕቅዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሌሊት ቁጠሩት።

ፎር ዊል መኪና የግድ ነው የሚሉም አሉ። አይደለም። የመንግሥት አውቶቡስ በሺምላው መንገድ ላይ ካለችው ከሬኮንግ ፒዮ ከተማ ካዛ ይሄዳል፤ የአገሩ ሰው የሚሳፈረው እሱን ነው።

“በረሃ ስለሆነ ዝናብ አያሰጋም”

ሸለቆው ደረቅ የሆነው ከደቡብ የሚመጣውን የዝናብ ደመና ተራሮቹ ስለሚያስቀሩት ነው። ደመናው የተሸከመውን የሚያራግፈው ከተራሮቹ በዚያኛው ወገን ነው። ወደ ስፒቲ የሚወስዷችሁ ሁለቱም መንገዶች ደግሞ የሚጀምሩት ከዚያው ነው። ሕንድ ሞንሱን በሚባለው የዝናብ ወቅት የምትረጥበው እኛ ክረምት ላይ ስንሆን ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ በናዳ ይዘጋል። በሐምሌ 2023 ቻንድራታል ዳር የነበሩ ከ200 በላይ ቱሪስቶች በረዶና ዝናብ መንገዱን ዘግቶባቸው ለቀናት መውጣት አቅቷቸው ነበር። ደረቅ መሬት ዶፍ ሲወርድበትም ውኃውን አይመጥም። በነሐሴ 2010 ከስፒቲ በሰሜን በኩል ባለው የላዳክ በረሃ ውስጥ ያለችውን የሌህ ከተማ የመታው ጎርፍ ብዙ ሰው ገድሏል።

ለእኔ ጥሩው ወር መስከረም ነው። ዝናቡ ያባራል፣ የማናሊው መንገድም ገና ክፍት ነው። የመጣው ይምጣ ተብሎ ሁለት የመጠባበቂያ ቀን ይያዝ፤ የመመለሻ በረራችሁን ከተራራው በወረዳችሁ ማግስት አትቁረጡ።

“ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም”

ያቃጥለዋል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር ይጨምራል፤ በረዶ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ያንጸባርቃል። ሰንስክሪን፣ የከንፈር ቅባትና ጥሩ መነጽር ያዙ። ቀን በቲሸርት የዋላችሁበት ቦታ ማታ ወፍራም ጃኬት ያስፈልገዋል፤ በሞቃቱ ወራትም ቢሆን።

“ቪዛ ካለኝ ሌላ ፈቃድ አልፈልግም”

የሕንድ ዜጋ ላልሆነ ሰው ይህ ስህተት ነው። ከሬኮንግ ፒዮ እስከ ታቦ ያለው መንገድ ለቲቤት ድንበር ስለሚቀርብ የውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ማሳየት አለበት። ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ፣ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ቢሆን ለውጥ የለውም። ፈቃዱ ሺምላ፣ ሬኮንግ ፒዮ ወይም ካዛ ይወጣል። የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ ደርባችሁ ያዙ፤ ኬላ ላይ ይጠይቋችኋል። በማናሊ ገብቶ በማናሊ የሚመለስ ሰው ግን አያስፈልገውም።

“ፎቶ ከማንሳት ሌላ ምንም የለም”

ይህን የሚል ሰው ሆቴል ውስጥ ብቻ ያደረ ይመስለኛል። ሰው ቤት እደሩ። መንደሮቹ ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ ቤተሰቦች አሉ። ጠዋት ምድጃው ዙሪያ ትቀመጣላችሁ። ጨውና ቅቤ ያለበት ሻይ በሳህን ይሰጣችኋል። ከዚያ ላይ የተቆላ የገብስ ዱቄት ይጨመርና በጣት ይታሻል፣ ጭብጥ ጭብጥ እየተደረገ ይበላል። ጻምፓ ይሉታል። ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በሶ ነው። ውኃ እዚያ ብርቅ ነው፤ ሽንት ቤቱም ብዙ ጊዜ ያለ ውኃ የሚሠራ ነው። በየቀኑ ሻወር አትጠይቁ።

ታቦ ገዳም የተመሠረተው በ996 ነው። ከውጭ ሲታይ ተራ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ውስጡ ግን ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። ጫማ ይወለቃል፣ ፎቶ ክልክል ነው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ቁሙ፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ይወጣል። ኪበርና ቺቻም የሚባሉት መንደሮች መሀል ጥልቅ ገደል አለ። ድልድዩ በ2017 እስኪከፈት ድረስ ሰው የሚሻገረው ሽቦ ላይ በተንጠለጠለ ቅርጫት ነበር።

ላንግዛ ላይ ልጆች የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ይዘው ይመጡ ይሆናል። መሬቱ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ባሕር ወለል ነበር። አትግዙ፣ ከመሬትም አታንሱ። አንድ ሰው አንድ አንድ እያለ ሲወስድ ቦታው ባዶ ይቀራል።

“በብርድ ወራት ሸለቆው ይዘጋል”

የሚዘጋው የማናሊው በኩል ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ ወይም ከኅዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት ወይም ሰኔ። የሺምላው መንገድ በረዶ ካልዘጋው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። በጥርና በየካቲት የበረዶ ነብር ለማየት ኪበር የሚወጡ ሰዎች አሉ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ የቧንቧ ውኃ ይረጋል። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም።

በየትኛውም ወር ብትሄዱ ጥሬ ገንዘባችሁን ሺምላ ወይም ማናሊ ላይ ያዙ። ካዛ ኤቲኤም አለ፣ ብር የሌለበት ቀን ግን አለ። ስልክም ከካዛ ወጣ ስትሉ ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል፤ ለቤተሰብ “ጥቂት ቀን ላልደውል እችላለሁ፣ አትደንግጡ” ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።