«ባጃጅ በዚህ አይገባም» ያለው ማነው? ምክር ቤቱ ወይስ ቢሮው?

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ መንገድ ለባጃጅ ሲዘጋ፣ ከዚራም ይሁን መጋላ፣ ቁጣው ቀድሞ የሚያርፈው ምክር ቤቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ እዚያ አልደረሰም። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው፤ ደንብ ከካቢኔው ይመጣል፤ መመሪያ ደግሞ ሥልጣን በተሰጠው ቢሮ ይወጣል። ሰዓትና መስመር የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ የምክር ቤት አባል ይዞ መሟገት ብዙም አያራምድም፤ አባሉ ቢሮውን መጠየቅ ይችላል እንጂ መመሪያውን ብቻውን አይሽርም።

የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆኑ ከተሞችንም ስለሚያካትት ድሬዳዋን ይመለከታል። (ሐረር የክልል ከተማ ናትና በዚህ አትዳኝም።) በአዋጁ መሠረት ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፤ ካልተመዘገበና በተቋሙ ድረ ገጽ ካልተጫነ ደግሞ ተፈጻሚነት የለውም። ብዙ ክርክር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው «ፍትሐዊ አይደለም» ይላል እንጂ «ቁጥሩ ስንት ነው? መቼ ተመዘገበ?» አይልም።

የተቀጣ አሽከርካሪ የቅጣት ወረቀቱን ይያዝ፤ የተጠቀሰውን የሕግ ቁጥር ያንብብ። ቁጥር ከሌለ ቢሮውን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ የገባበትንም ማኅተም ያስመታ። ቅሬታው መጀመሪያ ለቢሮው ነው፤ ካልተፈታ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ትራፊክ ፖሊስ ለሰልፍ ወይም ለአደጋ ለጊዜው የዘጋው መንገድ ግን መመሪያ አይጠይቅም፤ እዚያ ላይ መታዘዝ ነው።